ከሞያሌ የተጫነው ሰንጋ ናይሮቢ ሲታረድ ሥጋው ለምን ይጠቁራል?

ዳጎሬቲ ወይም አቲ ሪቨር ከብት ያሳረደ ነጋዴ ይህን ክርክር ያውቀዋል። ሰንጋው ሞያሌ ላይ ሲጫን ቆዳው ያብለጨልጭ ነበር፤ ዕድሜው ገና ነው፤ ሕመምም የለበትም። ታርዶ ሲገፈፍ ግን ሥጋው ጠቆር ያለ፣ ደረቅ፣ ሲነኩት እጅ ላይ የሚጣበቅ ሆኖ ይገኛል። ሥጋ ቤቱ «ያረጀ ነው» ወይም «ታሞ ነው የታረደው» ይልና ዋጋውን ይቀንሳል። ነጋዴው ደላላውን ይጠረጥራል፤ ደላላው ሾፌሩን ይከሳል፤ ሾፌሩ ደግሞ መንገዱን።

ከሦስቱ ወደ እውነቱ የሚቀርበው ሾፌሩ ነው። ከሞያሌ ናይሮቢ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። አስፋልቱ ከተሠራ ወዲህ ጉዞው እጅግ ቢያጥርም፣ ዱብሉቅ ወይም ሐሮ ባኬ ገበያ ላይ ከተገዛበት ሰዓት አንስቶ ቢላዋ እስኪያርፍበት ድረስ ከብቱ የሚያሳልፈው ጊዜ ግን በቀናት የሚቆጠር ነው። በእነዚህ ቀናት በደሙ ውስጥ የሚመላለሱት ሆርሞኖች ይለወጣሉ፤ ለውጡም ጡንቻው የሚቀርብለትን ምግብ እንዳይወስድ ያደርገዋል። ስለዚህ ምግብ ማቅረብ አንድ ነገር ነው፤ ጡንቻው ምግቡን መውሰዱ ሌላ ነገር ነው። ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

በሩን የሚከፍተው ኢንሱሊን

ኢንሱሊን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የሰውን የስኳር በሽታ ነው። ከእኛ ንግድ ጋር ያለው ዝምድና ግን ከሚመስለው በላይ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1921 ካናዳ ውስጥ፣ ቶሮንቶ ከተማ፣ ፍሬደሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ኢንሱሊንን ካገኙ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ለሕሙማን የተሰጠው መድኃኒት የተጨመቀው ከቄራ ከሚሰበሰብ የከብትና የአሳማ ቆሽት ነበር። ኢንሱሊን ከ51 አሚኖ አሲዶች የተሠራ ሲሆን የበሬው ከሰው የሚለየው በሦስቱ ብቻ ነው። እኛ ከሆድ ዕቃው ጋር የምንጥለው ቆሽት የሰው ነፍስ ሲያተርፍ ኖሯል ማለት ነው።

በበሬው ሰውነት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠራው እንዲህ ነው። ከብቱ በልቶ ሲጠግብ ቆሽቱ ኢንሱሊን ወደ ደም ይለቃል። የጡንቻ ሕዋስ ስኳርን ከደም የሚያስገባው በልዩ ተሸካሚዎች አማካይነት ነው። እነዚህ ተሸካሚዎች ኢንሱሊን በሌለበት ጊዜ አብዛኞቹ ሕዋሱ ውስጥ ተቀምጠው ይቆያሉ። ኢንሱሊን ሲመጣ ወደ ሕዋሱ ጠርዝ ይወጣሉ፤ ስኳሩም ይገባል። የገባው ስኳር ገሚሱ ለጉልበት ይውላል፤ ገሚሱ ግላይኮጅን ሆኖ ጡንቻው ውስጥ ይከማቻል። ግላይኮጅን የጡንቻው ስንቅ ነው። ይህችን ስንቅ አትርሷት፤ የጥቁር ሥጋው ምስጢር ያለው እሷ ላይ ነው።

የኢንሱሊን ሥራ ግን በስኳር አያበቃም። የፕሮቲን መሥሪያ የሆኑትን አሚኖ አሲዶች ጡንቻው እንዲወስድ ያግዛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የተሠራው ሥጋ እንዳይፈርስ ይጠብቃል። የጡንቻ ፕሮቲን ሌት ተቀን ይሠራል፣ ይፈርሳል። ኢንሱሊን ሲበዛ መፍረሱ ይቀዘቅዛል፤ ሲያንስ ይፈጥናል። ኪሎ የሚሸጥ ሰው በቅድሚያ ሊያስብለት የሚገባው ይህኛው ሥራው ይመስለኛል።

እዚህ ላይ የሚያመሰኳ እንስሳ ከሰው የሚለይበት ነገር አለ። ሰው እንጀራ ሲበላ ስኳሩ ከአንጀት በቀጥታ ወደ ደም ይገባል። በሬ የበላው ሣር ግን መጀመሪያ በትልቁ ጨጓራው ውስጥ በረቂቅ ተሕዋስያን ይብላላል፤ ከዚያ የሚወጣው በአብዛኛው ስኳር ሳይሆን ቀላል አሲዶች ናቸው። ከእነሱ አንዱን፣ ፕሮፒዮኔት የሚባለውን፣ ጉበት ወስዶ ስኳር ይሠራበታል። በሬ ስኳሩን ከገበያ ገዝቶ ሳይሆን ጉበቱ ውስጥ ጋግሮ ነው የሚኖረው ብንል አልተሳሳትንም። በዚህ ላይ የከብት ጡንቻ ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ከአንድ ጨጓራ እንስሳት ያነሰ ነው። ስለዚህ ስንቁን አንዴ ካራገፈ መልሶ ለመሙላት ብዙ ቀን ይፈጅበታል። አሳማ በአንድ ወይም በሁለት ቀን የሚመልሰውን በሬ ለመመለስ ከሦስት ቀን እስከ ከሳምንት በላይ ሊወስድበት ይችላል።

ሎሪው ላይ ምን ይሆናል?

ከብቱ በማያውቀው መወጣጫ ላይ በዱላና በጩኸት ሲገፋ ከኩላሊቱ በላይ ያሉት ዕጢዎች በሰከንዶች ውስጥ አድሬናሊን ይለቃሉ። አድሬናሊን ለሽሽት ወይም ለጠብ የሚያዘጋጅ ሆርሞን ነው። ሁለት ነገር አንድ ላይ ያደርጋል። ጡንቻው የያዘውን ግላይኮጅን ሰብሮ እንዲያቃጥል ያዝዛል፤ ቆሽቱን ደግሞ ኢንሱሊን መልቀቅ አቁም ይለዋል። ስንቁ በአንድ በኩል ይወጣል፤ በሌላው በኩል የሚገባበት በር ይዘጋል።

አድሬናሊን ቶሎ መጥቶ ቶሎ ይሄዳል። ተከትሎት የሚመጣው ኮርቲሶል ግን የሚቆየው ለሰዓታት ነው፤ ችግሩ ካልተነሣም ለቀናት። ኮርቲሶል ጡንቻው ኢንሱሊን መጥቶ እያለ እንኳ እንዳይሰማ ያደርገዋል። ስኳሩ ለአንጎልና ለሌላው ዋና ክፍል ይቆጠብ ነው ዓላማው፤ ለከብቱ ነፍስ ጥሩ ነው፤ ለነጋዴው ኪስ ግን አይደለም። ምግብ በተቋረጠ ጊዜ ጉበት ስኳር የሚሠራበት ፕሮፒዮኔት ያልቃል። ኮርቲሶል በዚህ ጊዜ የጡንቻውን ፕሮቲን እያፈረሰ አሚኖ አሲዱን ወደ ጉበት ይልካል። ከብቱ ስኳር ለመጋገር የራሱን ሥጋ ያነዳል ማለት ነው።

ለዚህ ነው ሁለት ከብቶች አንድ ዓይነት ርቀት ተጉዘው እኩል የማይጎዱት። ርቀቱ ብቻውን ፍርሃትን አይለካም። በግጦሽ እየተነዳ ቀስ ብሎ የመጣ መንጋ በርግጥ ይከሳል፤ ሆኖም ባልንጀሮቹን ያውቃል፣ በመንገድ ይበላል፣ ይጠጣል። ከሦስት ገበያ ተሰብስበው አንድ ሎሪ ላይ የታጨቁ ኮርማዎች ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲዋጉ ያድራሉ። በዓለም ላይ ጥቁር ሥጋን ያጠኑ ባለሙያዎች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ምክንያት ቢኖር ይኸው የማይተዋወቁ ከብቶችን፣ በተለይ ኮርማዎችን፣ መቀላቀል ነው።

የሚዋጋ ወይም የሚራመድ ጡንቻ ያለ ኢንሱሊንም ስኳር መውሰድ ይችላል፤ መኮማተሩ ራሱ ተሸካሚዎቹን ያወጣቸዋል። ይህ ግን ስንቅ አይሆንም። የወሰደውን እዚያው ያቃጥለዋል።

አሁን ወደ ሥጋው እንመለስ። ከብት ሲታረድ ደሙ ይቆማል እንጂ ጡንቻው ወዲያው አይሞትም። የቀረውን ግላይኮጅን ያለ አየር ያቃጥላል፤ ከዚያም ላክቲክ አሲድ ይወጣል። በዚህ አሲድ የተነሣ የሥጋው ፒኤች በሕይወት ሳለ ከነበረበት 7 ገደማ ተነሥቶ በአንድ ቀን ውስጥ ወደ 5.5 ይወርዳል። ያን ጊዜ ሥጋው ይቀላል፣ ይጣፍጣል፣ ይቆያል። ስንቁ አስቀድሞ ካለቀ ግን አሲድ የሚሆን ነገር የለም። ፒኤቹ ከ6 አካባቢ አይወርድም፤ ሥጋው ውኃውን አጥብቆ ስለሚይዝ ደረቅና ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ አሲድ ስለሌለውም ባክቴሪያ ቶሎ ይራባበታልና በፍጥነት ይበላሻል። በደንብ የበላና ያረፈ ከብት ጡንቻ ውስጥ ካለው ግላይኮጅን ግማሽ ያህሉ ሲጠፋ አደጋው ይጀምራል።

እንግዲህ ሥጋ ቤቱ ሁለት ጊዜ ተሳስቷል። ሰንጋው አላረጀም፤ አልታመመምም። ዋጋ መቀነሱ ግን ከአጉል ጥርጣሬ ብቻ የመጣ አይደለም። በዚያ ቀን ካልተሸጠ በእውነትም እጁ ላይ ይበላሽበታል።

የተመለሰው ኪሎ ምንድን ነው?

ብዙ ነጋዴ ከብቱ ሲደርስ ውኃ አጠጥቶ፣ ድርቆሽ አብልቶ፣ በሁለተኛው ቀን «ኪሎውን መልሷል» ብሎ ያወጣዋል። እንበል ሰንጋው ሞያሌ ላይ 320 ኪሎ ነበር፤ ሲደርስ 295 ሆነ። ከጎደለው 25 ኪሎ ውስጥ አብዛኛው ፈርስ፣ ሽንትና ውኃ ነው። በሁለት ቀን 15 ኪሎ ቢመልስ ያ 15 ኪሎ ያለው ሆዱና ደሙ ውስጥ ነው። በዐይኑ ገምቶ ለሚገዛ ሰው ጎኑ ሞላ ብሎ ይታየው ይሆናል። ታርዶ በሥጋ ክብደት ለሚከፍል ገዢ ግን ሆድ ውስጥ ያለው ድርቆሽ አንድ ሽልንግ አያወጣም።

ጡንቻው ወደ ቀድሞው የሚመለሰው በሌላ ፍጥነት ነው። በመጀመሪያ ፍርሃቱ መብረድ አለበት፤ ኮርቲሶል ሳይወርድ ኢንሱሊን በሙሉ ኃይሉ አይሠራም። ቀጥሎ ትልቁ ጨጓራ ሥራ መጀመር አለበት፤ የተራቡት ረቂቅ ተሕዋስያን እንደገና እስኪራቡ ድረስ ፕሮፒዮኔት አይኖርም፤ እሱ ከሌለ ደግሞ ስኳርም ኢንሱሊንም አይነሣም። ግላይኮጅን መሞላት የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የፈረሰው ፕሮቲን እስኪተካ ሳምንታት ይፈጃል።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው እህል አብዝቼ ልስጠው፣ ስኳሩ ቶሎ ይነሣል» ሊል ይችላል። አሳቡ ከሥሩ ስሕተት አይደለም፤ እህልና ሞላሰስ ፕሮፒዮኔትን ያበዛሉ፤ ኢንሱሊንንም ያነሣሉ። ነገር ግን ለቀናት ጾሞ የቆየ ሆድ ላይ በቆሎ ወይም ፉርሽካ በብዛት ማፍሰስ ጨጓራውን በአሲድ ይመርዘዋል። ከብቱ ይነፋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ሊሞትም ይችላል። ውኃ፣ ጸጥታና ድርቆሽ ይቅደሙ፤ ሌላው በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመር።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ ልምድ ያላችሁ ብትከራከሩኝ ደስ ይለኛል። ከሁሉ የከፋው ምርጫ መሀሉ ነው። ከብቱ ተረጋግቶ ተጭኖ፣ ሳይዋጋ ከደረሰ፣ በደረሰበት ዕለት ወይም በማግስቱ ማሳረድ ያዋጣል። ተበጥብጦ የመጣ ከሆነ ደግሞ ኢሲዮሎ ወይም ከናይሮቢ ዳር ባለ በረት ሳምንት ያህል ማሳረፍ ነው። በማያውቀው በረት፣ ከማያውቃቸው ኮርማዎች ጋር፣ ምግብ ሳይቀርብለት «ገበያ እስኪነሣ» ሁለትና ሦስት ቀን ማቆም ግን የቀረችውን ስንቅ ያሟጥጣል እንጂ አይሞላም።

የከሳ በሬ፣ የምታጠባ ላም፣ ኮርማ

ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ በቦረናና በሰሜን ኬንያ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው በከሸፉ ጊዜ የገዛችሁትን አጥንቱ የወጣ በሬ አስታውሱ። እንዲህ ባለ ከብት ደም ውስጥ የዕድገት ሆርሞን ከፍ ብሎ ይገኛል። ይህ ግራ ያጋባል፤ የዕድገት ሆርሞን ሞልቶ ከብቱ ለምን አያድግም? መልሱ ኢንሱሊን ላይ ነው። የዕድገት ሆርሞን ሥጋ የሚያበጀው በአብዛኛው ጉበት አይጂኤፍ-1 የሚባል ኢንሱሊን መሰል ሆርሞን እንዲያወጣ በማዘዝ ነው። ኢንሱሊን ዝቅ ባለበት ጊዜ ጉበት ትእዛዙን አይቀበልም። የዕድገት ሆርሞኑ ያን ጊዜ የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው፤ ስብ ያቀልጣል፣ ጡንቻው ስኳር እንዳይወስድ ይከለክላል፣ ረሃቡን ያስችላል።

ምግብ ሲገኝና ኢንሱሊን ሲነሣ ጉበት እንደገና ይታዘዛል፤ አይጂኤፍ-1 ይወጣል፤ ከብቱም ካልተራበ ጓደኛው በፈጠነ ሁኔታ ሥጋ ይጨምራል። ለማድለብ የከሳ ግን ጤነኛ፣ ገና ያላረጀ በሬ መግዛት የሚያዋጣው ለዚህ ነው። አስቀድሞ የወፈረን ሰንጋ ቀልበህ የምታገኘው በአብዛኛው ስብ ነው።

ሰሞኑን የወለደች ላም ሌላ ናት። በወለደችባቸው ሳምንታት ጡንቻዋና ስቧ ለኢንሱሊን ጆሮ አይሰጡም፤ ግቷ ግን ስኳር ለመውሰድ ኢንሱሊንን አይጠብቅም። ስለዚህ የበላችው ወደ ወተት ይሄዳል። እንዲህ ያለችን ላም ለሥጋ ገዝቶ «ትበላለች እንጂ አትወፍርም» ብሎ ማማረር ላሟን መበደል ነው።

ኮርማ በወንድ ሆርሞኑ ምክንያት የጡንቻ ፕሮቲን አብዝቶ ይሠራል፤ አንገቱና ትከሻው ምስክር ነው። ያው ሆርሞን ግን ጠበኛ ያደርገዋል፤ ስንቁን በሎሪ ላይ የሚጨርሰውም እሱ ነው። የተኮላሸ ሰንጋ ሥጋ ለመጨመር ይዘገያል፤ ስብ ይቀድመዋል፤ በመንገድ ላይ ግን ገር ነው። ኮርማ የምትጭኑ ከሆነ አብረው ያደጉትን አንድ ላይ አድርጉ፤ ካልተቻለም በመካከላቸው ማገጃ ይግባ።

ስለ ግመል አንድ ነገር ልጨምርና ልለፈው። የግመል ደም ስኳር ከበሬ ይበልጣል፤ ጡንቻውም ለኢንሱሊን እጅግ ቸልተኛ ነው። እንደ ሰው ቢቆጠር የስኳር በሽተኛ በተባለ ነበር። ለእሱ ግን ጤናው ነው። ስለዚህ ስለ በሬ የተጻፈውን በግመል ላይ እንዳለ አታውሉት።

መርፌው

ይህን ሁሉ በአንድ መርፌ እናሳጥረው የሚል ሰው አይጠፋም። አሜሪካ ውስጥ ከከብት ጆሮ ቆዳ ሥር የሚቀበሩ የሆርሞን እንክብሎች በሕግ ተፈቅደው ይሠራባቸዋል፤ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ለማድለቢያ የሚሰጡ ሆርሞኖችን አግዷል። እንክብሎቹ አይጂኤፍ-1ን ከፍ ያደርጋሉ፤ የሚሠሩት ግን ጠግቦ በሚበላ ከብት ላይ ነው። መኖ በሌለበት ትእዛዝ ብቻውን ሥጋ አይሆንም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ዴክሳሜታዞን ነው። ይህ መድኃኒት የኮርቲሶል ቤተሰብ ነው። በእንስሳት ሐኪም እጅ ለእብጠትና ለሌላም ሕመም ይጠቅማል። «ያስበላዋል፣ ያሞላዋል» ተብሎ ለከሳ ከብት ሲሰጥ ግን የሚሆነው ከላይ ያየነው ነው፤ ጡንቻው ለኢንሱሊን ይደነቁራል፣ ፕሮቲኑ ይፈርሳል። የሞላ የሚመስለው ጎን ውኃ ነው። እርግዝናዋ የገፋ ላም ደግሞ ልትጨነግፍ ትችላለች። መድኃኒቱ ከሥጋው ሳይወጣ የታረደ ከብት ቄራ ላይ ቢመረመር ጭነቱ በሙሉ የሚጠየቅበት ጉዳይ ይሆናል።

ከመርፌው ይልቅ ደብተር ርካሽ ነው። ለእያንዳንዱ ሎሪ ከብቶቹ ከየትኛው ገበያ እንደመጡ፣ ስንት ሰዓት እንደተጫኑ፣ የት ውኃ እንደጠጡ፣ መቼ እንደታረዱ ጻፉ፤ በማግስቱ ሥጋ ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ ሥጋው ጥላ ሥር ከተሰቀለ በኋላ ቀለሙን እዩ። ፒኤች መለኪያ ያለው ቄራ ከሆነ ቁጥሩን ጠይቁ። ከአሥር ሎሪ በኋላ ጥቁር ሥጋው የሚመጣው ከየትኛው ሾፌር፣ ከየትኛው ቅልቅል፣ ከየትኛው በረት እንደሆነ ደብተሩ ይነግራችኋል። ያን ጊዜ የሰባት ቀን ድርቆሽ ዋጋ ከቅናሹ ይበልጥ ወይም ያንስ እንደሆነ በራሳችሁ ቁጥር ማስላት ትችላላችሁ።